የሦስት ማርክ ጥያቄ

ሦስት ሰዎች 2,000፣ 3,000 እና 5,000 ብር አዋጥተው ንግድ ጀመሩ። በዓመቱ መጨረሻ 4,000 ብር አተረፉ። ለእያንዳንዳቸው ስንት ይደርሳቸዋል?

ይህችን ጥያቄ ጅጅጋ ውስጥ ከሃያ ዓመት በላይ አስተምሬአታለሁ፣ ፈትኜባታለሁ፣ ተጣልቼባታለሁ። ቁጥሮቹን እለዋውጣለሁ እንጂ ጥያቄዋ ያቺው ናት። አሠራሯም ያው ነው፤ መዋጮውን ሁሉ ደምር፣ የእያንዳንዱን ለድምሩ አካፍል፣ በትርፉ አባዛ። 800፣ 1,200፣ 2,000። አለቀ። ተማሪ ሲሳሳትባት ደሜ ይፈላ ነበር። "ይህችን ያልሠራ ሰው ቤቱን በምን ያስተዳድራል?" እያልኩ ጠመኔ የወረወርኩባቸው ቀናት አሉ። አሁን ሳስበው አፍራለሁ።

ሒሳብ የመረጥኩት መደናገር ስለማልወድ ነው። አያቴ በወታደርነት መጥቶ እዚሁ የቀረ ሰው ነው፤ ከእሱ ጀምሮ ቤታችን ውስጥ ነገር ሁሉ "እስቲ እናያለን" ነበር። ወደ አገር ቤት እንመለሳለን ወይ? እስቲ እናያለን። ጣሪያው ይታደሳል ወይ? እስቲ እናያለን። ሒሳብ ግን እናያለን አይልም። ሦስት ጊዜ አራት አሥራ ሁለት ነው፣ ክረምትም በጋም። እኔም ይህን ይዤ እስከ አርባ ስድስት ዓመቴ በሰላም ኖርኩ። ከዚያ ኤዶ መጡብኝ።

ኤዶ ስማቸው አይደለም። በሶማሊኛ አክስት እንደማለት ነው፤ እዚህ ከተማ በዕድሜ የምትበልጠንን ሴት እንዲህ ብለን ነው የምንጠራው። በ2016 መስከረም የማታው ክፍል ሲከፈት የፊት ወንበር ላይ ቁጭ ብለው አገኘኋቸው። ማታ ይባላል እንጂ የሚጀመረው አሥር ሰዓት ላይ ነው፤ ፀሐይዋ በመስኮት ገብታ ሰሌዳው ላይ ታርፋለች፣ ነፋሱም አቧራውን ይዞ ይከተላታል። ኤዶ ሃምሳን አለፍ ያሉ፣ ሰፊ ጅልባብ የለበሱ፣ ደብተራቸውን በፌስታል የጠቀለሉ ሴት ናቸው።

"ልጅዎን ሊያስመዘግቡ ነው?" አልኳቸው።

"ልጄ ዩኒቨርሲቲ ጨርሷል" አሉኝ። "ሰባተኛ ክፍል እኔ ነኝ።"

ጉዳያቸው ግልጽ ነበር። በአንድ መሥሪያ ቤት ዘጠኝ ዓመት በኮንትራት አጽድተዋል። አሁን ቋሚ መደብ ተፈቅዷል፤ ደሞዙ ያን ያህል አይበልጥም፣ ግን የሕመም ፈቃድ አለው፣ ጡረታ አለው። የተጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሰባተኛ ክፍል ማለፋቸውን የሚያሳይ ካርድ፣ እስከ ሰኔ መጨረሻ። ካርዱ ካልመጣ መደቡ በማስታወቂያ ይወጣል፣ እሳቸውም መጥረጊያቸውን አስረክበው ይሰናበታሉ። የሶማሊኛው ክፍል በጠዋት ነው፤ በጠዋት ደግሞ ቢሮ ይጠርጋሉ። ለዚህ ነው ወደ አማርኛው ክፍል፣ ወደ እኔ የመጡት። ለማለፍ በእያንዳንዱ ትምህርት ሃምሳ ማምጣት ግድ ነው። በሌላው ትምህርት ማንም አልሰጋላቸውም። ሁላችንም የሰጋነው ለሒሳብ ነበር፣ ለእኔው።

ሒሳብ አያውቁም ማለቴ ግን አይደለም። ግራ ያጋባኝ እሱ ነው እንጂ!

መጀመሪያ በመቶኛ ተጣላን። "የአንድ ጫማ ዋጋ 800 ብር ነው። ነጋዴው 15 በመቶ ቢቀንስ ገዢው ስንት ይከፍላል?" ብዬ ሰሌዳ ላይ ጻፍኩ። ክፍሉ 680 አለ። ኤዶ 650 ጽፈዋል።

"ኤዶ፣ የስምንት መቶ አሥራ አምስት በመቶ ስንት ነው?"

"መቶ ሃያ።" ያለ ወረቀት፣ ያለ እስክሪብቶ፣ ዓይናቸውን እንኳ ሳያርገበግቡ።

"መቶ ሃያ ከስምንት መቶ ሲቀነስስ?"

"ስድስት መቶ ሰማንያ።"

"ታዲያ ይሄ 650 ከየት መጣ?"

"ሳትጠይቂው መቶ ሃያ የቀነሰ ነጋዴ፣ ስትጠይቂው ሠላሳ አይጨምርልሽም?" አሉኝ። እሳቸው ሁሉንም ሰው አንቺና አንተ ነው የሚሉት፤ አማርኛን ገበያ ላይ የለመደ ሰው ብዙ ጊዜ እንዲያ ነው። "ስድስት መቶ ሰማንያ ዝም ብሎ የሚከፍል ሰው የት አየሽ?"

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እኔ አልሳቅኩም። "ጥያቄው ላይ ክርክር የሚባል ነገር የለም!" ብዬ ጮኽኩ።

ኤዶ በእርጋታ አዩኝ። "ይሄ ጥያቄ ቶጎጫሌ ሄዶ አያውቅም" አሉ።

እሳቸው ሄደዋል። ጽዳት ከመግባታቸው በፊት ከድንበሯ ከቶጎጫሌ ልብስና ሳሙና እየጫኑ ጅጅጋ ሲያመላልሱ ነው ልጆቻቸውን ያሳደጉት። ጭንቅላታቸው ውስጥ የሚዞረውን ቁጥር የእኔ ካልኩሌተር አይደርስበትም። ብቻ ቁጥሩን ከሰውየው፣ ሰውየውን ከመንገዱ ለይተው ማየት አይችሉም። ወይም አይፈልጉም። የቱ እንደሆነ ዛሬም አላወቅኩም።

በኅዳር ወለድ ላይ ደረስን። "አንድ ሰው 5,000 ብር በዓመት 12 በመቶ ወለድ ተበድሮ ከሁለት ዓመት በኋላ ቢመልስ ወለዱ ስንት ነው?" ኤዶ ደብተራቸውን ዘጉ።

"ምነው ኤዶ?"

"ሐራም ነው።"

"እርስዎ አይበደሩም እኮ! ሌላ ሰው ነው የተበደረው። እርስዎ ማስላት ብቻ ነው።"

"የማልበላውን ለምን እቀቅላለሁ?"

በስመ አብ! ይህች አንድ ምዕራፍ ብቻዋን ከፈተናው አሥር ማርክ ትይዛለች። አሥር ማርክ ከጣሉ ካርዱን ይርሱት አልኳቸው፣ ቁርጡን። በማግስቱ ደብተራቸውን ከፌስታል አውጥተው ዘረጉልኝ። እንዲህ ይላል፦ ሰውየው ብር አልፈለገም፣ ስኳር ነው የፈለገው። የ5,000 ብር ስኳር ገዛሁ። ስኳሩ የእኔ ሆነ። ከሁለት ዓመት በኋላ እንዲከፍለኝ በ6,200 ሸጥኩለት። ትርፍ 1,200።

መልሱ 1,200 ነው! ልክ ነው! አሥሩንም የምዕራፉን ጥያቄዎች እንዲሁ ስኳር፣ ሩዝና ዘይት አድርገው ሠርተዋቸዋል፣ አንዷንም አልሳቱም። እኔ ግን በመደሰት ፈንታ ተናደድኩ።

"ኤዶ፣ ያው አይደለም እንዴ? ወለዱም 1,200፣ ትርፉም 1,200። ምንድን ነው ልዩነቱ?"

"ስኳር ዝናብ ያገኘዋል" አሉኝ። "መኪና ይገለበጣል። አይጥ ትገባበታለች። እጄ ላይ እያለ ቢጠፋ የጠፋው የእኔ ነው። ያንቺ አበዳሪ ግን ብሩን ሰጥቶ ቤቱ ይተኛል። ዝናቡ የሚዘንበው በሌላው ላይ ነው።"

ያን ቀን ቤቴ እስክደርስ ባጃጅ ውስጥ ይህንኑ ሳወጣ ሳወርድ ሄድኩ። ሁለት ቁጥር እኩል ከሆነ እኩል ነው። ሃያ ዓመት ያስተማርኩት ይህንን ነው። ግን ዝናቡን የት ልጻፈው? በየትኛው ወገን? ሾፌሩ ሁለቴ "የት ላውርድሽ?" ብሎኝ አልሰማሁትም፤ ቤቴን አልፌ ሄጄ በእግሬ ተመለስኩ።

ስለ ሱቄ መናገር ያለብኝ እዚህ ላይ ነው። በ2010 ክረምት ከተማው ሲታመስ ሁለቱ ወንድሞቼ ቤተሰባቸውን ይዘው አዲስ አበባ ሄዱ። እኔ ቀረሁ። የት እሄዳለሁ? ተወልጄ ያደግኩት እዚሁ ነው። ነገሩ ረጋ ሲል፣ በ2012፣ ከአባታችን ቤት መንገድ ዳር ያለችውን ክፍል ፎቶ ኮፒ ቤት ልናደርጋት ተስማማን። ታላቄ 50,000፣ ታናሼ 40,000፣ እኔ 10,000 ብር አዋጣን። እኔ ጠዋት ከፍቼ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ እዘጋለሁ፤ ከዚያ ወደ ማታው ክፍል እሮጣለሁ። ወር ሲያልቅ ወረቀት፣ ቀለም፣ መብራት፣ ግብር፣ ጥገና እቀንሳለሁ። የተረፈውን በመዋጯችን ልክ አካፍላለሁ፤ ለታላቄ ሃምሳ በመቶ፣ ለታናሼ አርባ፣ ለእኔ አሥር። አንዲት ሳንቲም አላዛባሁም። በባንክ አስገብቼ "የዚህ ወር ድርሻህ" ብዬ መልእክት እልካለሁ፤ እነሱም "እግዜር ይስጥልን" ይላሉ። ወንድምና እህት በንብረት በሚካሰስበት ዘመን የእኛ ሱቅ ኮሽ ብሎ አያውቅም። ክፍል ውስጥ ሳይቀር እኮራበት ነበር። "ሒሳብ ካወቃችሁ አትጣሉም" እላቸው ነበር።

የምኮራበት ሌላም ነገር ነበረኝ። በትምህርት ቤታችን ደንብ አንድ ጥያቄ ተበላሽቶ ከወጣ ማርኩ ለሁሉም ተማሪ ይሰጣል፤ ተማሪዎች ቦነስ ይሉታል። የማኅበራዊ ሳይንሱ መምህር በየዓመቱ ቦነስ ይሰጣል። የእኔ ጥያቄ አንድም ቀን ተበላሽቶ አያውቅም።

በግንቦት የትርፍ ክፍፍልን ሳስተምር ያቺን የሦስት ሰዎች ጥያቄ ጻፍኳት። ኤዶ እጃቸውን አወጡ።

"ከሦስቱ የሄደው ማን ነው?"

"የት የሄደው?"

"ዕቃ ሊያመጣ። ሱቅ የቆመስ? ነግዶ ያተረፈው ማን ነው?"

"ኤዶ፣ አዋጡ ነው የሚለው። አዋጡ፣ አተረፉ፣ ተካፈሉ። በቃ።"

"ብር ብቻውን አያተርፍም እኮ" አሉ። ከዚያም ወደ ክፍሉ ዞረው አስረዱ፣ እኔ መምህርቷ እዚያው ቆሜ። በእነሱ ንግድ አንዷ ብር ታወጣለች፣ ሌላዋ ትሄዳለች። ትርፉ እንደ ስምምነታቸው ነው፤ ብዙ ጊዜ ለሁለት እኩል ነው። ከከሰሩ ብር ያወጣችው ብሯን ታጣለች፣ የሄደችውም ድካሟን ታጣለች፤ ማንም ማንንም አይጠይቅም። "እኔ ብር አልነበረኝም" አሉ ኤዶ። "መሄድ ብቻ ነበረኝ። ባንቺ ሒሳብ ለእኔ ዜሮ ይደርሰኝ ነበር። ልጆቼን በዜሮ አላሳደግኩም።"

እኔ ከቁጣ ጀርባ ተደበቅኩ። "ፈተና ላይ እንደዚህ ብለው እንዳይጽፉ!" አልኳቸው። "ቶጎጫሌን በሩ ላይ ትተውት ይግቡ። ስለ ካርድዎ ብዬ ነው።"

"ሀዬ" አሉ። እሺ ማለት ነው።

እሺ ብለው ነበር እንግዲህ።

ፈተናው በሰኔ ሁለተኛ ሳምንት ሆነ። ወረቀቶቹን ሱቅ ይዤ መጥቼ በደንበኛ መሀል ማረም ጀመርኩ። የኤዶ ወረቀት ሲደርስ ተማሪ እንጂ አስተማሪ አልመስልም ነበር። መቶኛ ላይ ክርክሩን ትተዋል፣ 680 ዓይነት መልስ ነው የሰጡት፤ ተመስገን። ወለዱን በስኳር ሠርተውታል፤ ሙሉ ሰጠኋቸው። ጂኦሜትሪው እንዳይሆን ሆኗል፣ ማዕዘን ምናቸውም አይደለም። የመጨረሻው ገጽ ላይ ያቺ ጥያቄ አለች። ሦስት ማርክ። ከሥሯ በትልልቅ ፊደል እንዲህ ተጽፏል፦

"ጥያቄው ጎደሎ ነው። ከሦስቱ ሥራውን ማን ሠራው? ይህ ሳይነገር ማካፈል አልችልም።"

"ኧረ ኤዶ! ኧረ ኤዶ!" ብዬ ጮኽኩ። መታወቂያውን ኮፒ ሊያስደርግ የቆመ ሰውዬ ደንግጦ ወደ ኋላ አለ።

ዜሮ ሰጠኋቸው። ሌላ ምን ልስጥ? ከዚያ ደመርኩ። አርባ ሰባት። ከላይ ወደ ታች ደመርኩ፣ ከታች ወደ ላይ ደመርኩ፣ በካልኩሌተር ደመርኩ። አርባ ሰባት ነው። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይላሉ፤ እኔ ወረቀቱ ልሁን ሞኟ አላወቅኩም እንጂ የያዝኩትን አልለቀቅኩም። ሃያ ዓመት የምሕረት ማርክ ሰጥቼ አላውቅም። ለአንድ ሰው ከሰጠሁ፣ ያለፈው ዓመት በሁለት ማርክ የወደቀውን ልጅ ዓይኑን እንዴት አየዋለሁ? ውጤቱን ለጥፌ ወጣሁ።

በሦስተኛው ቀን፣ ሰኔ ሊያልቅ አሥር ቀን ሲቀረው፣ ኤዶ ሱቄ መጡ። ልመና ጠብቄ ነበር፣ ለልመና መልስ አዘጋጅቻለሁ። አልለመኑም። የደንበኛው በርጩማ ላይ ቁጭ አሉ።

"አርባ ሰባት ነው?"

"አርባ ሰባት ነው፣ ኤዶ። ነግሬዎት አልነበር? ለምን እንደዚያ ጻፉ?"

"ልጽፍ ነበር፣ ያንቺን መልስ። ወላሂ፣ ቁጥሩን አውቀዋለሁ፤ ስምንት መቶ፣ ሺህ ሁለት መቶ፣ ሁለት ሺህ። እጄ እንቢ አለ። የአንዱን ላብ ለሌላው በእጄ ልጻፍ?" ጅልባባቸውን ሰበሰቡ። "ይሁን። አላህ ያውቃል። አንቺ ግን አስረጂኝ፤ ለምን ልክ እንደሆነ ልወቀው። ሳላውቀው ከሥራ ልውጣ?"

ይህ ከልመና ባሰብኝ። ወረቀት ሳብኩ። ሰው የሚገባው በሚያየው ነገር ነው ብዬ የራሴን ሱቅ ምሳሌ አደረግኩላቸው። "ይኸው፣ ይህች ሱቅ" አልኳቸው። "ታላቄ ሃምሳ ሺህ፣ ታናሼ አርባ ሺህ፣ እኔ አሥር ሺህ። ባለፈው ወር ወጪ ቀንሼ 6,000 ተረፈን። ለታላቄ 3,000፣ ለታናሼ 2,400፣ ለእኔ 600። ተጣልተን አናውቅም። አዩ?"

ኤዶ ወረቀቱን አላዩትም። ሱቁን ነው የሚያዩት።

"በጠዋት ማን ይከፍታል?"

"እኔ።"

"ማን ይጠርጋል?"

"እኔ፣ ማን አለ?"

"ይሄ ማሽን ወረቀት ሲበላ?"

"እኔ ነኝ የማወጣው። ቀለምም የማመጣው እኔ ነኝ፤ ሄደው ሄደው የት ሊደርሱ ነው፣ ኤዶ?"

"ወንድሞችሽ?"

"አዲስ አበባ ናቸው።"

"እና ስድስት መቶ?"

"አዎ።"

"በወር?"

"በወር።"

"ወጪ ቀነስኩ ያልሽው ምን ምን ነው?"

"ወረቀት፣ ቀለም፣ መብራት፣ ግብር፣ ጥገና..." ቆምኩ። ከጥገና በኋላ ዝርዝሩ አለቀብኝ። ወረቀቷ ገብታለች፣ ቀለሟ ገብታለች፣ ማሽኗን የሚጠግነው ሰውዬ ሳይቀር ገብቷል። እኔ የለሁበትም።

ኤዶ አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። "ኧረ ቲቸር" አሉ። "ታዲያ የወደቅኩት እኔ ብቻ ነኝ?"

እያሾፉብኝ አልነበረም። የምር እየጠየቁኝ ነው። ለዚያ ነው ያንገበገበኝ። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች የሚባለው እንዲህ ላለችው ነው ለካ። "የለም፣ ይሄ የቤተሰብ ጉዳይ ነው፣ ሌላ ነው" አልኩ። ቀጥዬ "መጽሐፉ እንደዚህ ነው የሚለው" አልኩ። ኤዶ ተነሥተው ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝና ወጡ። ሥራቸውን ሊያጡ አሥር ቀን የቀራቸው እሳቸው፣ የታዘነላት እኔ!

ያን ቀን ሱቅ ዘግቼ የጥያቄዋን ወረቀት ይዤ ቁጭ አልኩ። የእኔ ልክ ነው ወይስ የእሳቸው? መዋጮ ብቻ ከሆነ ልክ እኔ ነኝ። ግን "ንግድ ጀመሩ" ይላል፤ ንግድ ራሱን ይጀምራል እንዴ? ሦስቱም እኩል ሠርተው ከሆነ ሌላ ነው። አንዱ ብቻ ሠርቶ ከሆነ ሌላ ነው። ጥያቄዋ አትናገርም። ሃያ ዓመት ሙሉ ሳትናገር ኖራ እኔም ጠይቄያት አላውቅም። ለኤዶ ስላዘንኩ ነው እንዲህ የማስበው? ለራሴ ስላዘንኩ ነው? ምኑን ከምኑ እንደምለየው ጠፋኝ።

በማግስቱ ምክትል ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ገባሁ። ወጣት ነው፣ የቀድሞ ተማሪዬ።

"አንድ ጥያቄ ተበላሽቶብኛል" አልኩት። "ሦስት ማርኩ ለሁሉም ይሰጥ።"

ከወንበሩ ተነሣ። "ያንቺ ጥያቄ? ቲቸር፣ አሞሻል?"

ወረቀቱን ሰጠሁት። አነበበ፣ ደግሞ አነበበ። "ምኑ ነው የተበላሸው?"

"ሥራውን ማን እንደሠራው አይናገርም።"

"በዚህች ጥያቄ ጠመኔ ወርውረሽብኛል" አለ። "እዚህ ጋ" ብሎ ግንባሩን አሳየኝ። "ያኔም እኮ ግማሹ ለሠራው ነው ብዬ ነበር የጻፍኩት። እናቴ ነጋዴ ነበረች።"

ይቅርታ ልለው አፌን ከፈትኩ። እሱ ግን ስቆ ፈረመልኝ።

ኤዶ ሃምሳ ሆኑ። ቦነሱ ሌሎች ሁለት ሰዎችንም አሳልፏል። ካርዱን ሰኔ 26 ቀን ሰጠኋቸው፤ ተቀብለው በቀጥታ ሱቄ ድረስ ተከተሉኝ፣ መሥሪያ ቤቱ ሦስት ኮፒ ይፈልጋል ብለው። ማሽኑ እየሞቀ ሳለ፣ "ወንድሞችሽን ጠየቅሻቸው?" አሉኝ።

"አልጠየቅኩም። እንዴት ብዬ?"

"በአፍሽ።"

ሦስቱን ኮፒ ሰጠኋቸው። ገንዘብ ሲያወጡ "ይተዉት፣ የደስ ደስ ነው" አልኳቸው።

"የማን ነው ማሽኑ? የሦስታችሁ አይደለም? የወንድሞችሽን ድርሻ መተው አትችይም" አሉ። አሥራ አምስት ብር ቆጥረው ጠረጴዛው ላይ አኖሩ። ከዚያ አምስት ብር ጨምረው፣ ከሌላው ለየት አድርገው አስቀመጡ። "ይሄ ለቆምሽው ነው። አትቀላቅይው።" ካርዳቸውን በፌስታሉ ጠቅልለው ወደ መሥሪያ ቤታቸው ሄዱ።

አምስት ብሯን ትኩር ብዬ አየኋት። በአራት ዓመት ውስጥ ለሥራዬ ተብላ እዚህ ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠች የመጀመሪያዋ ብር ናት። ስልኬን አነሳሁና ለታላቄ ደወልኩ። ልቆጣው ነበር ያሰብኩት፤ ቁጣዬን ባጃጅ ውስጥም አልጋዬ ላይም ስለማመደው ነው የሰነበትኩት። ድምፁን ስሰማ ግን ተንተባተብኩ።

"ጋሼ፣ የሱቁ ነገር... እኔ የምሠራበትን... ማለቴ ከትርፉ በፊት ለእኔም ደሞዝ ቢጤ ብናስብ ምን ይመስልሃል?"

"እንዴ?" አለ። ግራ ገብቶታል። "ደሞዝሽ አነሰሽ እንዴ? ጨምሪበታ፣ እቱ! እኛን መጠየቅ ምን ያስፈልጋል?"

"የቱን ደሞዜን?"

"ከሱቁ የምታነሺውን ነዋ። ደሞዝሽን አንስተሽ ከዚያ የተረፈውን አይደል የምታካፍይን? ስንት ታነሻለሽ ብሎ መጠየቅ ነውር ይሆናል ብለን እንጂ፣ ከታናሽሽ ጋር ሁሌም እናወራለን፣ ራሷን እንዳትጎዳ እያልን።" ዝም ስለው ድምፁ ተለወጠ። "እቱ? ታነሽ ነበር አይደል?"

ደንበኛ መጣ ብዬ ዋሽቼ ዘጋሁት። የምቆጣው ሰው ፈልጌ አጣሁ፤ እነሱ አልሰረቁኝም፣ እኔም አልዋሸሁም፣ መጽሐፉም ምንም አላለም። አራት ዓመት። በዓመት አሥራ ሁለት ወር፣ አርባ ስምንት ወር። ካልኩሌተሩን ከፍቼ አርባ ስምንትን ጻፍኩ፣ የማባዣውን ምልክት ተጫንኩ። በስንት እንደማባዛው ግን አላወቅኩም።